በበዓል ሰሞን ውሻና ድመታችሁን እንዴት ትይዛላችሁ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ታኅሣሥ ሲገባ ወደዚህ አምድ የሚመጣው ጥያቄ ይበዛል። ሐዋሳ ላይ ለምን እንደሚበዛ ግልጽ ነው። ታኅሣሥ 19 ገብርኤል፣ ታኅሣሥ 29 ገና፣ ጥር 11 ጥምቀት፤ በእነዚህ ሳምንታት ከተማዋ ዕረፍት የላትም። ለገብርኤል ከየአገሩ የሚመጣው እንግዳ ሆቴሉንም መንገዱንም ይሞላዋል፣ ሞንታርቦው ከየአቅጣጫው ያስተጋባል፣ ማታ ማታ ርችት ይተኮሳል፣ በየግቢው በግ ታስሮ ይጮኻል፣ ሽንኩርቱ ከሌሊት ጀምሮ ይቁላላል። እኛ ይህን ሁሉ ስንጠብቀው ቆይተናል። ውሻና ድመት ግን ቀን አይቆጥሩም፤ አንድ ቀን ድንገት ሁሉም ነገር ይቀየርባቸዋል።

አብዛኞቻችሁ የጠየቃችሁኝ ስለ ርችት ነው። ርችት እውነትም ከባድ ነው፣ እመልሳለሁ። ነገር ግን በበዓል ማግስት ወደ ክሊኒክ የሚመጡትን እንስሳት ስመለከት ከርችቱ ይበልጥ የጎዳቸው የተከፈተ የግቢ በርና በፍቅር የተወረወረላቸው አጥንት ሆኖ አገኘዋለሁ። ስለዚህ ስለ ምግቡ ብዙ ባወራ ታገሡኝ።

ሰላም ዶክተር። ቤታችን ፒያሳ ነው፣ ከገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ብዙም አይርቅም። ቦቢ የሚባል የ3 ዓመት ውሻ አለን። ለደመራ ርችት ሲተኮስ በአጥር ዘልሎ ጠፋብን፣ በስንት ፍለጋ አላሙራ አካባቢ ተገኘ። አሁን ገብርኤል እየደረሰ ነው፣ ከወዲሁ ሆዴን እየበላኝ ነው። ሲፈራ ሳቅፈው ደግሞ እናቴ «ተይው፣ ባባበልሽው ቁጥር ይብስበታል» ትለኛለች። እውነት ነው? — የቦቢ አሳዳጊ፣ ከፒያሳ

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። እናትሽ ያሉትን ብዙ ሰው ያምንበታል፣ ግን ትክክል አይደለም። ፍርሃት በጉርሻ የሚማሩት ነገር አይደለም። ሲንቀጠቀጥ ብታቅፊው «ለካ ስፈራ እታቀፋለሁ፣ ልፍራ» ብሎ አያስብም። ወደ አንቺ ከመጣ እቀፊው፣ በረጅሙ ቀስ ብለሽ ዳብሺው፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ። አልጋ ሥር መግባት ከፈለገ ደግሞ ተይው፣ ጎትተሽ አታውጪው። እሱ የመረጠው ቦታ ከእኛ ምርጫ ይሻላል።

ቦቢ የሚሰማው ድምፅ እኛ ከምንሰማው ይለያል። ሰው የሚሰማው እስከ 20,000 ኸርዝ ገደማ ነው፣ ውሻ ግን እስከ 45,000 ይደርሳል፣ ከሩቅ ያለ ረጋ ያለ ድምፅም አያመልጠውም። ርችት ደግሞ ከየት እንደመጣ አይታወቅም፣ መቼ እንደሚደገምም አይታወቅም። ለዚህ ነው ነጎድጓድ የማይፈራ ውሻ እንኳ ለርችት የሚሸበረው። «ይለምደዋል» ብለሽ አትተዪው። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ተቃራኒው ነው፣ በየዓመቱ እየባሰ ይሄዳል።

ምልክቱን ደግሞ ቀድመሽ እወቂው። ማለክለክ፣ ለሃጭ ማዝረብረብ፣ ሳይተኛ ደጋግሞ ማዛጋት፣ ከንፈሩን መላስ፣ ጅራቱን እግሩ መሃል መክተት፣ የሚወደውን ምግብ እንቢ ማለት። ዘልሎ የጠፋው ቀን ከመዝለሉ በፊት እነዚህን ሳያሳይ የቀረ አይመስለኝም።

ለ18 ማታና ለ19 እንዲህ አድርጊ። ጠዋት በማለዳ፣ መንገዱ በሰው ሳይሞላ ረጅም የእግር ጉዞ ውሰጂው፣ ይድከም። እራቱን በጊዜ ስጪው፣ ሳይመሽ ግቢ ውስጥ ይሽና። ከዚያ ከመንገድ የራቀውን ክፍል ምረጪለት፣ ጓዳም ቢሆን፣ ሰርቪስ ቤትም ቢሆን። መስኮቱን በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፍኚ፣ ራዲዮ ወይም ቴሌቪዥን በመጠኑ ክፈቺ፣ ውሃ አስቀምጪ፣ ያልታጠበ ልብስሽን ወይም ጋቢሽን አንጥፊለት። ሽታሽ አለበት፣ ያረጋጋዋል። መብራቱን አታጥፊው፤ ብርሃን ካለ የርችቱ ብልጭታ በመስኮት ቢገባም ብዙም አይታየውም።

አደራ የምልሽ፣ እንዳይጠፋ ብለሽ አጥር ሥር በሰንሰለት አትሰሪው። የተሸበረ ውሻ በሰንሰለት ታስሮም ይዘላል፣ አጥሩን ተሻግሮ በአንገቱ ሊንጠለጠል ይችላል። በዚህ የሞቱ ውሾች አሉ። በር ዘግቶ ቤት ውስጥ ማቆየት ነው የሚሻለው። የግቢው በር ላይ ደግሞ አንድ ሰው ኃላፊነት ይውሰድ። በበዓል ቀን በሩ የማንም አይደለም፣ አንዱ ከፍቶ ይገባል፣ ሌላው ይዘጋዋል ብሎ ያልፋል። አብዛኛው ውሻ የሚጠፋው እንዲህ ነው።

አንገቱ ላይ ስልክ ቁጥርሽ የተጻፈበት ማሰሪያ ይኑረው። በማርከር የተጻፈም ይበቃል። የቅርብ ጊዜ ፎቶውን ስልክሽ ላይ ያዢ። ከጠፋ ቶሎ ለባጃጅ ሹፌሮች አሳዪያቸው፤ ቀኑን ሙሉ የሚዞሩት እነሱ ናቸው፣ የሰፈር ዘበኞችም እንደዚያው። ካየሽው ግን እየጠራሽ አትሩጪበት፣ የፈራ ውሻ ሲያባርሩት ይሸሻል። ቁጭ ብለሽ፣ ጎንሽን ሰጥተሽ፣ በለመደው ድምፅ ጥሪው።

ለወደፊቱ ማለማመድ ይቻላል። የርችት ድምፅ ስልክሽ ላይ ጫኚና በጣም ዝቅ አድርገሽ ክፈቺው፣ ጆሮውን እንኳ በማያቆምበት መጠን። በዚያው ሰዓት የሚወደውን ነገር አብዪው። ቀን በቀን ትንሽ ትንሽ ከፍ እያደረግሽ፣ ከፈራ ወደ ኋላ እየተመለስሽ። ሳምንታት ይፈጃል። ለገብርኤል አይደርስም፣ ዛሬ ከጀመርሽ ግን ለመጪው ደመራ የተለየ ውሻ ሊኖርሽ ይችላል።

ጤና ይስጥልኝ። ለገና በግ አርደን ሆድ ዕቃውን ለውሾቹ እንሰጣለን። አባቴም አያቴም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ዘንድሮ የጎረቤት ልጅ፣ ነርስ ናት፣ «ጋሼ፣ ሳንባና ጉበት ለውሻ አይስጡ፣ ተመልሶ እናንተን ያሳምማል» አለችኝ። ውሻው በልቶ እኔ እንዴት እታመማለሁ? — ከታቦር ክፍለ ከተማ

ጋሼ፣ ልጅቷ እውነቷን ነው፣ እግዚአብሔር ይስጣት። ይህን ጥያቄ ስላነሡልኝ እርስዎንም አመሰግናለሁ፣ ምክንያቱም በአገራችን በበዓል ሰሞን ከሚሠሩት ነገሮች ሁሉ ለውሻም ለሰውም በጣም አደገኛው ይህ ነው፣ ማንም ግን እንደ አደጋ አያየውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በግ ሲታረድ ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ነጣ ያለ ከረጢት አይተው ያውቁ ይሆናል። አንዳንዱ የአተር ፍሬ ያክላል፣ አንዳንዱ የዶሮ እንቁላል። አራጁ በቢላ ቆርጦ ይወረውረዋል፣ ውሻው ይቀልበዋል። ያ ከረጢት ውስጥ የአንድ ጥቃቅን የኮሶ ትል ዝርያ ጽንሶች አሉ። ውሻው አንጀት ውስጥ ገብተው ያድጋሉ። የሞላ ዕድሜ ትሉ እንኳ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ በውሻው ሰገራ ላይ በዓይን አይታይዎትም። ውሻውም አይታመምም፣ ይበላል፣ ይጮኻል፣ ይጫወታል። ከ6 ሳምንት ገደማ በኋላ ግን እንቁላሉ በሰገራው ይወጣል፣ ፀጉሩ ላይ ይጣበቃል፣ አፈሩና ጓሮው ላይ ይቀራል።

ከዚያ የልጅ ልጅዎ ውሻውን ዳብሶ እጁን ሳይታጠብ እንጀራ ይቆርሳል። ወይም ከጓሮ የተነቀለ ሰላጣ በደንብ ሳይታጠብ ይበላል። በሰው ሆድ የገባው እንቁላል በበጉ ላይ ያዩትን ያንኑ ከረጢት ሰው ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ያበቅላል። ሐኪሞች ሃይዳቲድ ይሉታል። ቀስ ብሎ ለዓመታት ያድጋል፣ ምልክት ሳያሳይ ይቆያል፣ ሲታወቅ ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ነው የሚወጣው። ጥያቄዎ መልሱ ይህ ነው፤ ውሻው በልቶ እርስዎ የሚታመሙት በዚህ መንገድ ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ ከረጢት ያለበት ጉበትም ሳንባም ለማንም አይሰጥ። ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበር ወይም ይቃጠል። ወንዝ ዳር ወይም ቦይ ውስጥ መጣል መፍትሔ አይደለም፣ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ያገኘዋል። ከረጢት የሌለበት የሚመስለውም ቢሆን ጥሬውን አይስጡ፤ ትንንሾቹ ከረጢቶች ሥጋው ውስጥ ተደብቀው ለዓይን አይታዩም። በደንብ ፈልቶ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀቅሎ ከሆነ ችግር የለውም። ቅርጫ ከሆነም ከመታረዱ በፊት ከጎረቤቶችዎ ጋር ይነጋገሩበት፣ አንድ ሰው ብቻ ቢጠነቀቅ ዋጋ የለውም።

እስከ ዛሬ ሲሰጡ ስለቆዩ ውሾቹን አሁን ያሳክሙ። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል፣ መጠኑ በክብደት ነው። ለክብ ትል የሚሰጥ መድኃኒት ለዚህ አይበቃም፣ አይቨርሜክቲንም ይህን ትል አይገድልም፣ እና ፋርማሲ ሄደው «የትል መድኃኒት» ብቻ ብለው አይግዙ። መድኃኒቱ በተሰጠ ሰሞን የሚወጣው ሰገራ በጓንት ተሰብስቦ ይቀበር፣ እንቁላሉ መድኃኒቱን ይቋቋማልና። ልጆቹም ከውሻ ጋር ከተጫወቱ በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

አያትዎ እንዲህ ማድረጋቸው ጥፋት አልነበረም፣ የሚነግራቸው አልነበረም። እርስዎን ግን የጎረቤት ልጅ ነገረችዎት።

ድመቴ ሚሚ ዶሮ ወጥ ሲሸታት ታብዳለች። ትንሽ ቁሌት ያለበት እንጀራና አጥንቱን ብሰጣትስ? በዓል አይደል! — ከመናኸሪያ

አይሆንም። አንዱንም።

አጥንቱ የበሰለ ነው። የበሰለ የዶሮ አጥንት ሲታኘክ በስለታም ስንጥር ይሰባበራል፣ ጉሮሮ ላይ ይሰነቀራል፣ አንጀት ይበሳል። ውሻም ያው ነው። አፏን በእጇ እየጠረገች ከሆነ፣ ደጋግማ የምታቅለሸልሽ ከሆነ፣ ሆዷን ስትነኪያት የምትጮኽ ከሆነ፣ ወይም በልታ ሰገራ ካልወጣት ቶሎ ሐኪም ጋ ውሰጃት። «እንጀራ ብትበላ ይገፋላታል» የሚለውን አትሞክሪ።

ቁሌቱ ደግሞ ከአጥንቱ አይሻልም። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትም ጭምር፣ የድመትንና የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። መብሰሉ መርዙን አያጠፋውም። ድመት በኪሎ ክብደቷ 5 ግራም ገደማ ሽንኩርት ሊጎዳት ይችላል፣ ውሻን ደግሞ 15 ግራም ገደማ። ሚሚ 3 ኪሎ ብትመዝን 15 ግራም ማለት ነው። አሁን አስቢው፣ ለአንድ ዶሮ ሁለትና ሦስት ኪሎ ሽንኩርት ነው የሚከተፈው፣ ያ ሁሉ ተቁላልቶ ተቁላልቶ ትንሽ ሆኖ ይቀራል። አንድ ማንኪያ ቁሌት ውስጥ ያለው ሽንኩርት ከሚመስልሽ በላይ ነው። ችግሩ ደግሞ በዚያው ቀን አይታይም። ከቀናት በኋላ ነው የምትደክመው፣ ድዷ የሚነጣው፣ ሽንቷ የሚጠቁረው፣ ያን ጊዜ የበዓሉን ምግብ ማንም አያስታውስም።

በዓሉን እንድትካፈል ከፈለግሽ ቁሌቱ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ከደረቱ ትንሽ ሥጋ ለብቻው ቀቅለሽ፣ ያለ ጨው፣ ያለ ቅቤ፣ ከአጥንት ለይተሽ ስጫት። በደስታ ትበላለች።

እግረ መንገዴን፣ የድፎ ዳቦ ሊጥ ቡክት ብሎ እንዲነሣ ተሸፍኖ የሚቀመጠውን፣ ከውሻ አርቁት። ጥሬ ሊጥ ውሻ ሆድ ውስጥ ገብቶ በሙቀቱ መነሣቱን ይቀጥላል፣ ሆዱን ይነፋዋል፣ ከእርሾው የሚወጣው አልኮል ደግሞ ያሰክረዋል። ለሞት ያደርሳል። ቸኮሌትም እንደዚሁ ለውሻ መርዝ ነው፣ የገና ስጦታ ከረሜላ ልጆች እጅ ላይ ሲበዛ ልብ በሉ።

ውሻዬ እንዲተኛ ግማሽ የእንቅልፍ ክኒን ልስጠው? አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ትንሽ አረቄ በወተት ስጠው ይለኛል። — ስሜ ይቆይ

ወንድሜ፣ አረቄውን ለጓደኛህ መልስለት። አልኮል የውሻን የሰውነት ሙቀትና የደም ስኳር ይጥላል፣ ትንፋሹን ያዘገያል። የሰው ክኒንም በግምት አይሰጥም። በተለይ ይህን ሁሉም ያንብብልኝ፣ ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው፣ አንድ ባለ 500 ሚሊግራም ፍሬ ድመት ሊገድል ይችላል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱን ይጎዳሉ።

ለፍርሃት የሚሰጥ መድኃኒት አለ፣ ግን ሐኪም አይቶት፣ ክብደቱን መዝኖ ነው። ስትሄድ ደግሞ አንድ ነገር ጠይቅ። አሴፕሮማዚን የሚባለው የቆየ ማደንዘዣ ለብቻው ሲሰጥ ሰውነቱን ያዝለዋል እንጂ ፍርሃቱን አይወስደውም። ውሻው ዝም ይላል፣ አንተ የተረጋጋ ይመስልሃል፣ እሱ ግን መንቀሳቀስ አቅቶት እየፈራ ነው። ሐኪሙን «ፍርሃቱን የሚቀንስ ነው ወይስ የሚያስተኛ ብቻ?» በለው፣ ደግ ጥያቄ ነው፣ ጥሩ ሐኪም አይከፋውም። መድኃኒቱንም ከበዓሉ በፊት አንድ ጸጥ ያለ ቀን ሞክረው፣ እንዴት እንደሚያደርገው ታያለህ። ያዘዘልህን ደግሞ ርችቱ ከጀመረ በኋላ ሳይሆን አስቀድመህ ስጠው፣ ከተሸበረ በኋላ ብዙም አይሠራም።

አሰላሙ አለይኩም። በበዓል ቤታችን በዘመድ ይሞላል፣ ልጆቹ ድመቷን እየተሻሙ ይዟታል። ባለፈው ዒድ አንዱን ሕፃን ቧጠጠችው፣ ከዚያ ለሁለት ቀን ሶፋ ሥር ገብታ አልወጣ አለች። ክፉ ሆናለች ማለት ነው? — ከአዲስ ከተማ

ወዓለይኩም አሰላም። ክፉ አልሆነችም፣ መሸሻ አጥታ ነው። ድመት ሲጨንቃት የመጀመሪያ ምርጫዋ መሄድ ነው፣ የምትቧጥጠው መሄጃ ሲዘጋባት ነው። ከእንግዶቹ በፊት አንድ ክፍል ለይታችሁ ምግቧን፣ ውሃዋን፣ የምትጸዳዳበትን አሸዋና በጎኑ የተቀደደ ካርቶን አስገቡላት። ካርቶኑ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቢሆን ይበልጥ ትወደዋለች። በሩ ይቆለፍ፣ ቁልፉ ልጆቹ እጅ አይግባ። ለልጆቹም በግልጽ ንገሯቸው፣ ድመቷ ዛሬ እረፍት ላይ ናት። ልጆች ሲነገራቸው ይገባቸዋል፣ የማይገባቸው ሲደበቅባቸው ነው። የቧጠጠችው ሕፃን ቁስል ግን ሁልጊዜ በሳሙና ይታጠብ።

ሥጋ የታሰረበትን ክርና የስጦታ ሪባን ወለል ላይ አትተዉ። ድመት ክር ትውጣለች፣ ክሩ አንጀቷን ሰብስቦ ይቆርጠዋል። በአፏ ወይም በኋላዋ ተንጠልጥሎ ካያችሁ አትጎትቱት፣ እንዳለ ሐኪም ጋ ውሰዷት። ለገና ዛፍ ለምትተክሉም ይኸው ነው፣ የሚያብረቀርቀው ክር ከታች አይንጠልጠል።

ለገና የገዛነው በግ ግቢ ውስጥ ሲታሰር ውሻችን ሌሊቱን ሙሉ ይጮኽበታል። ጎረቤት ተማረረ። — ከሐይቅ ዳር

እንዳይተያዩ አድርጉ፣ በቃ። ማዳበሪያም ሸራም ጋርዱ። በጉም እኮ እንግዳ ቦታ ላይ ብቻውን ታስሮ ውሻ ሲጮኽበት የሚያድር ፍጡር ነው፣ እሱም ሊታዘንለት ይገባል። ጥላ፣ ውሃና ሣር ይኑረው። በሚታረድበት ሰዓት ደግሞ ውሻው ቤት ውስጥ ይዘጋ። ደም ስለሚያይ አውሬ ይሆናል የሚባለው እውነት አይደለም፣ ግን ቢላ የያዘ ሰው እግር ሥር የሚሻማ ውሻ ለሁሉም አደጋ ነው።

ውሻችን ቀን ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል። በጥምቀት እንግዶች ሲመጡ ቢነክስብንስ? — ከባሕል አዳራሽ

እንግዳ ባለበት ቀን መግቢያው አጠገብ አትሰሩት። የታሰረ ውሻ መሸሽ ስለማይችል ይበልጥ ይናከሳል፣ በተለይ ልጅ ወደ ምግቡ ሲጠጋ። ከኋላ፣ ሰው በማያልፍበት ቦታ፣ ወይም ክፍል ውስጥ ይሁን።

ክትባቱን ደግሞ ዛሬውኑ እዩት። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከ3 ወር ዕድሜ ጀምሮ ይሰጣል፣ በየዓመቱ ይታደሳል። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምርባት ከተማ ላይ ነን፣ ባለሙያ አጣሁ የሚያሰኝ ነገር የለም። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ። አጭር አይደለም፣ ሰዓት እያያችሁ እጠቡ። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ፣ በዓል ነው ብላችሁ ለነገ አታሳድሩት፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ በሽታው አይድንም። ውሻውን ተናዳችሁ አትግደሉት፣ 10 ቀን ዘግታችሁ ተከታተሉት። በ10 ቀኑ ጤነኛ ከሆነ ሲነክስ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው፣ ይህ ለሐኪሙ ትልቅ መረጃ ነው።

እኛ የምናከብረው የሲዳማን ዘመን መለወጫ፣ ፊቼ ጨምበላላን ነው፣ ሥጋም ርችትም አይበዛበትም። ቡችላችንን ይዘን ወደ ጉዱማሌ፣ ከዚያ ወደ ሐይቁ ብንሄድስ? — ከሐዌላ ቱላ

ጉዱማሌ ላይ የሚሰበሰበው ሕዝብ ለቡችላ ይከብዳል፣ ቤት ይቆይ። ከቆጮ የሚሠራው ቡርሳሜ ላይ ቅቤ በዝቶ ስለሚገባ ለሱ አታካፍሉት፣ ድንገት ብዙ ቅባት የበላ ውሻ ቆሽቱ ሊቆጣ ይችላል። ማስታወክ ከጀመረና ጀርባውን አጉብጦ ከቆመ ሐኪም ያስፈልገዋል። የበዓሉን ቀን የሚያሳውቁት ኮከብ አይተው የሚቆጥሩት ሽማግሌዎች፣ አያንቱዎቹ ስለሆኑ በዚህ ቀን ብሎ ከሩቅ መቁጠር አይቻልም፣ እና ክትባቱንና የትል መድኃኒቱን ቀደም ብላችሁ ጨርሱ።

በማግስቱ ሐይቅ ዳር መውሰድ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ በጠዋት፣ በማሰሪያ። አሞራ ገደል አካባቢ ግን አትፍቱት። ዓሣ በሚበለትበት ቦታ የተጣለ አጥንት አለ፣ አባ ኮዳዎቹ አሉ፣ ጦጣ ካየ ሊያባርር ይሮጣል። ከሁሉ የማስጠነቅቃችሁ መንጠቆ ነው። የዓሣ ሽታ ያለበት መንጠቆ ውሻ ይውጣል። ከአፉ ክር ተንጠልጥሎ ካያችሁ አትሳቡት፣ መንጠቆው ጉሮሮውን ይቀድደዋል። ክሩን አሳጥራችሁም አትቁረጡት፣ ሐኪሙ መንጠቆውን የሚያገኘው በክሩ ነው። ጫፉን አንገቱ ላይ ካለው ማሰሪያ ጋር እሰሩና፣ ምንም ሳታበሉት፣ ባጃጅ ይዛችሁ በቀጥታ ወደ ክሊኒክ ሂዱ።